አቦይ ሐጎስ የተረጎሙት መቅድም

ጎበዝ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማጋነን ይወዳል» ማለታችሁ አይቀርም። ግዴላችሁም፣ ዛሬ አላጋነንኩም። ለማጋነን የሚሆን አቅም እንኳ አልተረፈኝም!

መጽሐፌ ዛሬ ተመረቀ።

ደራሲው ደግሞ ይኸውላችሁ፣ ሰዒድ ሻይ ቤት ከከሰል ጆንያው አጠገብ ጥግ ይዞ ተደብቋል።

ይቺን በየሳምንቱ ሰዒድ በር ላይ የምለጥፋትን ወረቀት የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። ለአዲሶቹ፣ ዘውዴ እባላለሁ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ከሸዋ ወደ መቐለ የተላክሁ አስተማሪ ነኝ። በሳምንቱ የገጠመኝን ውርደት እጽፋለሁ፣ እናንተ ሻያችሁን ፉት እያላችሁ ታነባላችሁ፣ ከሥሩም በእርሳስ ሐሳባችሁን ታሰፍራላችሁ። (ባለፈው ሳምንት «አሳጥረው!» ብለህ የጻፍከው ወዳጄ፣ የእጅ ጽሕፈትህን ዐውቄዋለሁ።)

የዛሬው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። እየሳቃችሁ ጀምሩ፣ እኔም እየሳቅኩ ልጀምር። እስከ የት እንደምንዘልቅ እናያለን።

የምኖረው አቦይ ሐጎስ ግቢ ነው። ከጨው ተራው ከፍ ብሎ፣ የድንጋይ አጥር ያለው።

አቦይ ሐጎስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግመል እየነዱ ወደ ጨው አገር ሲወርዱ፣ አሞሌ ጭነው እስከ ወልድያና ደሴ ሲዘልቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸውንም የለመዱት እዚያው ገበያ ላይ ነው። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ ቤታቸው ሆነው ጨው ያከፋፍላሉ።

መቐለ ስገባ ማደሪያ አልነበረኝም። ትግርኛ አልሰማም። የማውቀው ሰው የለም። እሳቸው ከጨው መጋዘናቸው ጎን ያለችውን ክፍል ከፍተው «ግባ ወደይ» አሉኝ። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ይቺን ያዙልኝ። በኋላ ትመጣለች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋዘኑን ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸዋለሁ። የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እሳቸው ያወራሉ። ስለ ሙቀቱ፣ ውኃ ሲያልቅ ሰው ስለሚሆነው፣ ግመል ሲያኮርፍ እንዴት እንደሚለመን። ከሁሉ ይበልጥ ግን ስለ ካሕሳይ ያወራሉ።

ካሕሳይ የልጅነት ጓደኛቸው ነው። አንድ ጊዜ ከጨው አገር ሲመለሱ እግሩ አብጦ መራመድ አቃተው። አቦይ ሐጎስ የግመላቸውን ጨው እንዳለ አሸዋ ላይ አራግፈው እሱን ጫኑት። ወሬው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። «ከዚያስ አቦይ?» ስላቸው «ሌላ ቀን» ይሉኛል።

እኔ ደግሞ ደብተር የማርም መስዬ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

አዎ። አጠገባቸው ተቀምጬ!

ዓመት ሳይሞላ መጽሐፍ የሚያህል ነገር እጄ ላይ ተገኘ። ርእሱን «ከጨው አገር መልስ» አልኩት። ከዚያ ጀማሪ ደራሲ ይሠራዋል የሚባለውን ስሕተት ሁሉ አንድ ሳላስቀር ሠራሁት።

መጀመሪያ ጀግናውን ቀየርኩት። የትግራይ ጨው ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ ከሸዋ የመጣ ወጣት አስተማሪ ሆነ። እኔ እኮ ግመል አጠገቤ ሲያልፍ መንገድ የምቀይር ሰው ነኝ! ካሕሳይንም በአጎቴ ስም ደምሴ አልኩት። መጨረሻውን ስላልነገሩኝ ከራሴ ፈጠርኩ። ደምሴን አዳንኩትና ሦስት ቀን የሚፈጅ ሰርግ ደገስኩለት።

ረቂቁን ለማን አነበብኩት? ለሚወደኝ ሰው ብቻ። ለሰዒድ። ሰዒድ የወሎ ልጅ ነው፣ ሰው ማሳዘን አይሆንለትም። ብርጭቆ እያጠበ በየገጹ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ሲለኝ ልቤ አብጦ ነበር። ዛሬ ጭንቅ ሲለኝ እውነቱን አወጣው። ከውኃው ድምፅ የተነሣ አንዲት ቃል አልሰማም።

አንዲት ቃል!

ማተሚያ ቤቱ ያለው አስመራ ነው። ረቂቅ በካሚዮን ይሄዳል፣ መልስም በካሚዮን ይመጣል። አስቀድሜ «መቅድሙን ከሁሉ በላይ አድርጌ እልካለሁ» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። መቅድሙን ግን አልጻፍኩትም። ዛሬ ነገ ስል ካሚዮኑ ሊነሣ ሆነ። መጽሐፉ ደግሞ ለመስቀል መድረስ አለበት። ስለዚህ ረቂቁን ጠቀለልኩ፣ ለማተሚያ ቤቱ ሹም አንድ ደብዳቤ በችኮላ ጻፍኩ፣ ከላይ አኖርኩት።

ከላይ!

እስኪ እናንተ ፍረዱ። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? መቅድሙ ከላይ ነው ተብለዋል። ከላይ ያለውን ሲያነሡት «ለክቡር» ብሎ የሚጀምር፣ ሰላምታው ግማሽ ገጽ የጨረሰ፣ በፊርማ የተዘጋ ጽሑፍ ነው። መቅድም ሁሉ እንዲያ አይደል የሚጻፈው? ፊደል ለቃሚው እጁን ሰብስቦ ሊቀመጥ ነው? ለቀመና አተመው።

«ከመታተሙ በፊት የሚላከውን ማረሚያ አላየህም ወይ?» ትሉኛላችሁ።

አየሁት እንጂ! ካሚዮኑ አመጣልኝ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «መምህር፣ ቶሎ በል» አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቶግራፌ ነበረ። ኮት ለብሼ፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ፣ አንድ ትልቅ ነገር እንደሚያስብ ሰው ሩቅ እያየሁ። ሾፌሩ ጥሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ ፎቶግራፌን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ።

ባስታ! ጣልያን እንደሚለው፣ በቃ!

ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥኩም። አንዲት ገጽ ብገልጥ ኖሮ ዛሬ ቤቴ ተቀምጬ እራቴን እጠብቅ ነበር።

መጻሕፍቱ ሲመጡ ማኖሪያ አጣሁ። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «እኔማ እገዛለሁ!» ስላለኝ አምኜ አብዝቼ አሳትሜያለሁ። (እገዛለሁ ያላችሁኝ ሰዎች፣ ዛሬ አይቻችኋለሁ። ስዋውን፣ የትግራይን ጠላ፣ ጠጥታችሁ ነው የሄዳችሁት።) ክፍሌ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ሲል አቦይ ሐጎስ መጡ። ምንም ሳይሉ ጨዉን ከመጋዘን እያወጡ ግቢው ውስጥ መደርደር ጀመሩ።

«ምነው አቦይ?» አልኳቸው።

«ጨውና ወረቀት ባንድ ቤት አይሆንም ወደይ። ጨው እርጥበት ይስባል፣ መጽሐፍህ ይበላሽብሃል» አሉኝ።

የገዛ ንብረታቸውን ደጅ አውጥተው የኔን መጽሐፍ ጣራ ሥር አስገቡ። ያን ጊዜ ምን ተሰማህ በሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ጢም አለ። ጎረቤቱ፣ ጨው ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ከመሀል አገር የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም አለ። የአቦይ ሐጎስ ባለቤት አደይ ለተብርሃን ስዋ ጠምቀዋል፣ ሕምባሻ ቆርሰዋል። እንደ ወጉ መጽሐፉ ድምፀ መልካም ለሆነ ሰው ተሰጥቶ ለሁሉም ይነበባል። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ገዝቶ ብቻውን ጥግ ይዞ የሚያነብ ማን አለ? አንባቢው የደብሩ መሪጌታ ናቸው።

አማርኛ የማይሰማው ስለሚበዛ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ተባለ። ማን ይሁን?

እኔ፣ እኔ ራሴ ተነሥቼ «ከአቦይ ሐጎስ ማን ይበልጣል!» አልኩ።

አትፍረዱብኝ፣ አስቤበታለሁ። የሚነበበው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ ስለ አባቴ በሬዎች ነው። ግመሉም፣ ጨዉም፣ ካሕሳይም የሚመጡት ከሁለተኛው በኋላ ነው። እሳቸው በሬዎቹን ይተረጉማሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እኔም አከበርኳቸው ይባላል። ብልጠቴን አያችሁ?

አቦይ ሐጎስ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመሪጌታው ጎን ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «የልጄን መጽሐፍ እኔ ልተርጉም» አሉ።

እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ንባቡ እስኪያልቅ ማንም ሰው እንዳያቋርጥ!» አልኩ። ሰዒድን በር ላይ አቆምኩት። ወንበሬንም በሁለት ወፋፍራም ቄሶች መካከል አስገባሁ።

መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቅድም» አሉ።

የምን መቅድም? አልኩ በልቤ።

«ለክቡር የማተሚያ ቤቱ ሹም፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።»

አቦይ ሐጎስ ተረጎሙ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ መለሰ።

ጉዴ ፈላ። ልነሣ አልኩ፣ ቄሶቹ ተጭነውኛል። «ይቅር!» ልል አፌን ከፈትኩ፣ በስተቀኝ ያሉት ቄስ «ዝም በል! አታቋርጥ ተብሏል!» ብለው ገሠጹኝ። የገዛ ትእዛዜ እኮ ነው!

«በፎቶግራፉ ላይ ግንባሬ ወደ ኋላ የሸሸ ስለሚመስል፣ በእጅ ጥበብዎ ጥቂት ጸጉር ቢጨምሩልኝ።»

አማርኛ የሚሰማው ወገን ሳቀ። አቦይ ሐጎስ ተረጎሙት፣ ደግሞ ግቢው በሙሉ ሳቀ። አንዱን ውርደት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ! እሳቸውም ፈገግ ብለው አዩኝ። እንደሚወደኝ አባት ነው ያዩኝ።

(ጸጉሩንም አልጨመሩልኝ።)

«ስሜ ከመጽሐፉ ርእስ ይልቅ ጎላ ብሎ እንዲታይ ይሁን።» ሳቅ። ትርጉም። ሳቅ።

እዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል። እኔም ብሆን እዚህ ላይ ቢያበቃ ስቄ እለጥፈው ነበር። ቀጥሎ ያለውን ግን አውቀዋለሁ። ጽፌዋለሁና።

«ታሪኩ ከራሴ የመነጨ ሳይሆን፣ ግቢያቸው የምኖርበት አንድ ሽማግሌ ጨው ነጋዴ የነገሩኝ ነው። ሆኖም ማንበብ የማይችሉ ስለሆኑ፣ ስማቸው ባይጠራም የሚያውቁት ነገር የለም። ለሌላ ጸሐፊ ሳይነግሩብኝ በቶሎ እንዲታተምልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።»

ለምን ጻፍኩት? የሚያስቸኩለኝን ምክንያት ለማስረዳት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ ሲከነክነኝ ለአንድ ሰው መናገር ፈልጌ ነው። የማያውቀኝ፣ የማላገኘው፣ አስመራ ያለ ሰው መረጥኩ።

መሪጌታው ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። አማርኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ ወደ አቦይ ሐጎስ ዞረ።

የተቀረው ሕዝብ ግን ትርጉሙን እየጠበቀ ነው። አንዳንዱ ለመሳቅ ተዘጋጅቷል።

አቦይ ሐጎስ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሓደ ሽማግለ ነጋዳይ ጨው...» ብለው ጀመሩ።

ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ማንበብ የማይችል የምትለዋን ሳይዘሉ፣ ለሌላ ጸሐፊ ሳይነግሩብኝ የምትለዋንም ሳያስቀሩ፣ እስከ መጨረሻው ተረጎሙት። የዘለሉት ቃል የለም። ትግርኛዬ ደካማ ነው፣ ይህን ግን ቃል በቃል ሰማሁት።

«ዋእ!» አለች አንዲት ሴት።

አቦይ ሐጎስ ወደ መሪጌታው ዞረው «ቀጽል» አሏቸው። ቀጥል ማለት ነው። መሪጌታው «አክባሪዎ ዘውዴ» የሚለውን አነበቡ። አቦይ እሱንም ተረጎሙ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጠበቅኩ። የመቐለ መሬት ድንጋይ ነው፣ የምትከፈት አይደለችም።

ሰው እያጉረመረመ መነሣት ጀመረ። አደይ ለተብርሃን ስዋውን ይዘው ሲያልፉ የሁለቱን ቄሶች ዋንጫ ሞልተው የኔን ዘለሉት። መሪጌታው ብቻ መጡና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንዲህ ያለ ግልጽ መቅድም አንብቤ አላውቅም!» አሉኝ። የምራቸውን ነው።

አንድ ጨው ነጋዴ አቦይ ሐጎስን «ምን ነክቶህ ነው በገዛ አፍህ የተረጎምከው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«የተሰጠኝን ጭነት መንገድ ላይ አጉድዬ አላውቅም» አሉት። «አንዴ ብቻ ነው ያራገፍኩት፣ እሱንም ለካሕሳይ ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰለኝ። ወደኔ መጡ።

«መምህር» አሉኝ።

መምህር!

ሾፌሩም መምህር ይለኛል። መንገደኛውም መምህር ይለኛል። እሳቸው ብለውኝ አያውቁም ነበር።

«ካሕሳይን ምን አደረግከው?»

«አዳንኩት አቦይ» አልኩ። «ዳነና ሰርግ ተደገሰለት።»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«ጽቡቕ» አሉ። «ጥሩ አድርገሃል። እኔ አልሆነልኝም። ጨዉን አራግፌ ጫንኩት፣ ሳንደርስ ግመሉ ላይ ሞተብኝ። ሌላ ቀን የምልህ የነበረው ለዚህ ነው።»

እኔ ደጅ የተደረደረውን ጨው አየሁ።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ የኔን ስም ጻፈው አልልህም ነበር» አሉ። «ስሜን ምን አደርገዋለሁ? የሱን ነበር የምለምንህ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ እኔ ስሞት የሚያነሣው ሰው የለም። ስሙስ አለ? ካሕሳይ ተብሎ ተጽፏል?»

የለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ደምሴ ነው ማለት አቃተኝ። በአጎቴ ስም ነው ማለት አቃተኝ።

«ሕራይ» አሉ፣ እሺ እንደማለት። ከጠረጴዛው አንድ መጽሐፍ አንሥተው ሄዱ።

ይኸው ነው።

እኔም ከሰዉ ጋር ተቀላቅዬ ወጣሁና ቀጥታ እዚህ ገባሁ። ሰዒድ ሻይ ቀዳልኝ፣ «አብሽር፣ ያልፋል» አለኝ። ከዚያ ምስኪኑ «መጽሐፉ ግን ማሻአላህ ነው» ሲለኝ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ነገ ሰኞ ነው። ገበያ ነው። ወሬው ከጨዉ ጋር ተጭኖ አገር ላገር ይዞራል። ይዙር። እሱስ ይገባኛል።

እንግዲህ መጽሐፍ ልታሳትሙ ለምታስቡ ምክር መስጠት አለብኝ አይደል? እሺ። ረቂቃችሁን ብርጭቆ ለሚያጥብ ሰው አታንብቡ። መቅድም ሳትጽፉ ካሚዮን አትጥሩ። ከፎቶግራፋችሁ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ግለጡ። ይህን ሁሉ ብታደርጉ ግን እንደኔ ከሆናችሁ የሚጠቅማችሁ አይመስለኝም። እኔ ማረሚያውን በደንብ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ያቺን ገጽ አስወጥቼ፣ ዛሬ ተጨብጭቦልኝ፣ በሳቸው ጨው ቦታ በተኛው መጽሐፌ እየኮራሁ እተኛ ነበር። ከመጽሐፉ ውስጥ እውነት የነበረችው በስሕተት የገባችዋ ገጽ ብቻ ናት።

ቅድም ሰዒድን ግቢውን አይቶ እንዲመጣ ላክሁት።

አቦይ ሐጎስ በሩ ላይ ተቀምጠዋል አለኝ። መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ነው። ጨዉ ዛሬም ደጅ እንደተደረደረ ነው። መሽቷል፣ በሩን ግን አልዘጉትም።

ግቢው ሌላ በር የለውም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትገባላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ፣ እርሳሱ ሰዒድ ዘንድ አለ። «አሳጥረው» ያልከኝ ወዳጄ፣ አንተም ጻፍልኝ። ዛሬ የምፈልገው አጭር ነገር ነው።